ስንት ይከፍሉሻል?

ጥር 9

እትዬ፣

ጤናሽን አልጠይቅም፤ «ደህና ነኝ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። የምጠይቀው ጉልበትሽን ነው፤ እሱ መዋሸት አያውቅም። ደረጃ ስትወጪ አሁንም የግራ እግርሽን እየጎተትሽ ነው?

በስልክ ከምናወራ በደብዳቤ እንጻጻፍ ስትዪኝ መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር። አሁን ግን ገባኝ። በስልክ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እንጣላለን። አንቺ «ተመለሺ» ትያለሽ፣ እኔ «አልመለስም» እላለሁ፣ ከዚያ አንዳችን ጆሮ ላይ እንዘጋለን። ወረቀት አይዘጋም። የአክስታችን ልጅም ደብዳቤሽን እንደ መንጃ ፈቃዱ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው አውቶቡሱን የሚነዳው። ሲሰጠኝም «ተቀብያለሁ በይ» ብሎ ያስምለኛል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ ሥራው የነርስ ሥራ ነው። መርፌው መርፌ፣ ጓንቱ ጓንት ነው። ልዩነቱ ሆስፒታል ሰው እኛን ላለማየት ይጸልያል፤ እዚህ የውበት ክሊኒክ ግን ቀጠሮ ይዞ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ከፍሎ ይመጣል። ወደ ኋላ የሚጋደም ነጭ ወንበር አለኝ፤ ከራስጌው ክብ መብራት፣ ከጎኑ ብልቃጦቹ የሚቀመጡባት የጉልበት ቁመት የምታህል ፍሪጅ አለች። ከመውጋቴ በፊት ግንባራቸው ላይ በነጭ እርሳስ ነጥብ ነጥብ አደርጋለሁ። ሴቶቹ በመስታወት ያዩና «ካርታ አስመሰልሽኝ» ይሉኛል። ባልደረቦቼ ደግሞ አንቺን የሚሉሽን እኔንም «እጀ ቀላል» ይሉኛል። እጁ ያንቺ ነው፤ እኔ ተውሼው ነው።

ስንት ይከፍሉሻል ላልሺው፣ ባለፈው ወር ሃያ ሁለት ሺህ አግኝቻለሁ። ሆስፒታል እያለሁ ዘጠኝ ሺህ እንደነበር አትርሺ። ከዚህ ጋር ሦስት ሺህ ልኬልሻለሁ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ በተጨማሪ ዲዩቲ አሳድገሽኛል፣ በተጨማሪ ዲዩቲ አስተምረሽኛል። አሁን ይብቃሽ። የማታውን ለወጣቶቹ ነርሶች ተይላቸው።

ያለ ደመወዝ የወሰድኩት ፈቃድ ሰኔ 30 ያልቃል። እስከዚያ ወይ ወደ ዋርዱ እመለሳለሁ፣ ወይ የሆስፒታሉን ቦታ ለቅቄ እዚሁ እቀራለሁ። ልቤ ወዴት እንዳዘነበለ ታውቂያለሽ። ያንቺን ልብ ግን ሳላውቅ አልወስንም።

ጩጬሽ


ጥር 21

የኔ ጩጬ፣

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶሽ ጩጬ የምልሽ ስሙን አንቺ ራስሽ ስለምትፈርሚበት ነው።

ገንዘቡ ደርሷል፤ ያክብርሽ። ስለ ዲዩቲው እንዳልሺኝ አድርጌያለሁ፤ ትቼዋለሁ። ጉልበቴም ደህና ነው። ስለ ዋርዱ ለጠየቅሽኝ፦ በሩ አልተቀባም፣ የመድኃኒት ጋሪው ጎማ አሁንም ይንጫጫል፣ ሰባተኛው አልጋ እንደተሰበረ ነው። የነርሶቹ አለቃ ሜትረኗ ባየችኝ ቁጥር «ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች። የተቃጠሉ ሕፃናትን ክፍል ላንቺ ልትሰጥሽ አስባለች። ይህን ልንገርሽ አልንገርሽ ብዬ ሁለት ቀን አመነታሁ፤ አሁን ጽፌዋለሁና አለፈ።

እኔ ነገርን በቁጥር ካላየሁት አይገባኝም። ስለዚህ አራት ጥያቄ አለኝ። በቀን ስንት ሰው ታያለሽ? አንዷ ስንት ትከፍላለች? ከዚያ ውስጥ ስንቱ ያንቺ ነው? አራተኛው፦ እዚያ ቤት ተሳስተሽ ታውቂያለሽ? ልገስጽሽ አይደለም። ተሳስቶ የማያውቅ ነርስ ሥራ ያልጀመረ ነርስ ነው።

ምሳ ብዪ። ዳቦ በሻይ ምሳ አይባልም።

እትዬ


የካቲት 6

እትዬ፣

እንደ ፈተና ወረቀት በተራ እመልሳለሁ፤ ማርክ ቀንሺብኝ።

አብዛኛውን ቀን ሁለት ሴት፣ ቀን ሲቀናኝ ሦስት። በሳምንት አምስት ቀን እሠራለሁ። የግንባር መጨማደድ የሚያላላው መርፌና የከንፈር መሙያው ዋጋቸው ይለያያል፤ በአማካይ አንዷ ሁለት ሺህ ትከፍላለች። መነሻ ደመወዜ ስድስት ሺህ ነው፤ በዚያ ላይ ከምሠራው አሥር በመቶ ኮሚሽን አለኝ።

ይህ ለጀማሪ ነው። ከእኔ ጎን ባለው ክፍል አንዲት ነርስ አለች፤ ዘወትር ነጭ ጫማ ስለምታደርግ ባለ ነጭ ጫማዋ እላታለሁ። በወር አርባ ሺህ ታገኛለች። ክፉ ሰው እንዳትመስልሽ፤ በጣም ጎበዝ ናት። ስምንት ዓመት ሠርታለች። የያንዳንዷን ደንበኛ ፊት ከነልጆቿ ስም ታውቃለች። ክሊኒክ ብትቀይር ሴቶቹ ተከትለዋት ይሄዳሉ። «ገንዘቡ ያለው መርፌው ላይ ሳይሆን የስልክ ማውጫው ላይ ነው» ትለኛለች። እራት ስትበላም ስልኳ ከሳህኗ አጠገብ ነው፤ «ከንፈሬ ያበጠ መሰለኝ» የምትል አትጠፋም።

አራተኛውን ጥያቄ ሌላ ቀን እመልሳለሁ። ደንበኛ መጣችብኝ።

ጩጬሽ


የካቲት 18

የኔ ጩጬ፣

ሂሳብሽ አልገጠመልኝም።

ላንቺ አዳልቼ በቀን ሦስት ሴት ያዝኩ። በሳምንት አሥራ አምስት፣ በወር ስልሳ። በሁለት ሁለት ሺህ፣ መቶ ሃያ ሺህ። አሥር በመቶው አሥራ ሁለት ሺህ። መነሻው ሲጨመር አሥራ ስምንት ሺህ። ሃያ ሁለት ከየት መጣ? አብዛኛውን ቀን እንዳልሺው ሁለት ከሆኑ ደግሞ አሥራ አራት ሺህ ነው። ሦስቴ ደመርኩት።

እንዳትደነግጪ። አልተቆጣሁም። ትንሽ እያለሽ ያመመሽ ቀን «ጠግቤያለሁ» ትዪ ነበር እንጂ «አሞኛል» አትዪም ነበር። ያን ጊዜ የማደርገውን ነው አሁንም የማደርገው፤ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

አራተኛው ጥያቄ አልተመለሰም።

እትዬ


የካቲት 30

እትዬ፣

አንቺ ሰው ሳትሆኚ የሂሳብ መኪና ነሽ። ሃያ ብል ቁጥሩ ክብ ስለሆነ ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ነበር እኮ ሁለት የጨመርኩበት።

እውነቱን ልንገርሽ። እስከ ዛሬ ያገኘሁት ትልቁ የኅዳሩ አሥራ አምስት ሺህ ነው። ከታኅሣሥ ወዲህ ስድስት ሺህ ብቻ ነው የማገኘው። ሦስት ወር ሙሉ መርፌ እንዳልነካ ተከልክዬ ፊት ሳጥብና ክሬም ስቀባ ነው የከረምኩት። ቤቴንም ለቅቄ ከእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተናል። ጥሩ ልጅ ናት፤ ታንኮራፋለች እንጂ።

የተከለከልኩበት ምክንያት የአራተኛው ጥያቄሽ መልስ ነው። ርክክብ ሰጥቼ ነው።

ያንቺ ዋርድ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የማታዋ ተረኛ ከያንዳንዱ አልጋ ግርጌ ቆማ የበሽተኛውን ነገር ጮክ ብላ እያነበበች ለቀኗ እንደምታስረክብ ታውቂያለሽ። ዘጠኝ ዓመት ያን ስሠራ ኖሬ አፌ ለምዶታል። አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ የምትተካኝ ነርስ መጣች። ደንበኛዋ መርፌዋን ጨርሳ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሶፋው ላይ እያረፈች ነበር። እኔም ካርዷን ይዤ ሶፋው ፊት ቆምኩና እንዲህ አልኩ፦ «እኅታችን የሃምሳ ሁለት ዓመት ናቸው። የግንባር መርፌ፣ አራተኛ ጊዜ። የአገጭ ሥር፣ ሁለተኛ ጊዜ። እብጠት የለም፣ ሕመም የለም፣ ውሃ ጠጥተዋል።»

ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ እጮኛዋ ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው ብላው ኖሯል። መርፌውንም ለራስ ምታት ነው ብላዋለች።

ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ሰባቱም መጽሔታቸውን ዝቅ አደረጉ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሰውዬው ተከትሏት ሮጠ። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሯ ከክፍሏ ወጥታ ካርዱን ከእጄ ወሰደች። «ይህን ሁሉ ስታነቢ ምን ነክቶሽ ነው?» አለችኝ። «ርክክብ ነው» አልኩ።

ሦስት ሺውን የምልከው ዲዩቲ እንድትተዪ ነው። ስድስት ሺህ ነው የማገኘው ብልሽ መቼ ትቀበዪኝ ነበር?

ስለ ዋሸሁሽ ይቅር በዪኝ።

ጩጬሽ


መጋቢት 8

የኔ ጩጬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት የመድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ነው። «ውሃ ጠጥተዋል» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። የሦስተኛ አልጋ ሽማግሌ «ሲስተር ምን ሆኑ? እያለቀሱ ነው?» ብለው በሩን አንኳኩ። አዎ አልኳቸው፤ እንባዬም ይወርድ ስለነበር ውሸት አልሆነብኝም።

ርክክብ ላይ «ድምፅሽ እስከ በሩ ይሰማ» እያልኩ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ የቅጣቱ እኩሌታ የእኔ ነው። ሆኖም ሳቁ አልፎ አንድ ነገር ቀረኝ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቀሻታል? በእኛ ዋርድ የሰው ዕድሜ ቁጥር ነው፤ እዚያ ግን ምስጢር ነው። ምስጢሯን አምና የሰጠችው ላንቺ ነበር። ሂጂና ጠይቂያት። ይቅር ባትልሽም ጠይቂያት።

ዳግመኛ ገንዘብ እንዳትልኪ። ከላክሽ በዚያው አውቶቡስ ይመለሳል። ኪራዩን ክፈዪ፤ ምሳ ብዪ፤ ለእንግዳ ተቀባይዋ ልጅም በጎኗ እንድትተኛ ንገሪያት።

እትዬ


መጋቢት 29

እትዬ፣

ዛሬ የምቆጣው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ተቀመጪ።

የአክስታችን ልጅ ያለፈውን ደብዳቤ ሲሰጠኝ «እትዬ እኮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ ጋውኗን እንደለበሰች ነው የሰጠችኝ፤ ቆማ ልትተኛ ነበር» አለኝ። ቆይ፣ የቀን ተረኛ የምትገባው በሁለት ሰዓት አይደለም? አንድ ሰዓት ላይ ጋውን ለብሶ በር ላይ የሚገኝ የማታ ተረኛ ነው። እንዴት ነው ነገሩ፣ «ትቼዋለሁ» ብለሽኝ አልነበር? ሂሳብ የምትችይ አንቺ ብቻ መሰለሽ?

ከዚህ ወዲያ ስለ ውሸት አንወቃቀስ። አንድ ለአንድ ነን።

ሴትዮዋን ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በሩን ግማሽ ከፍታ ሰማችኝ። «ልጄ፣ ድምፅሽ ለመንገድ ላይ ጋዜጣ ሻጭ ይሆናል» ብላ ዘጋችው። ሰውዬው ግን ባለፈው ሳምንት ብቻውን ወደ ክሊኒኩ መጣ። የመጣው ለራሱ ዓይን ሥር ነው። ሐሙስ ዕለት እንዳይቀጠር ለመነን። ስለ ሠርጉ አልጠየቅኩም፤ አሁን አሁን አፌን እየዘጋሁ ነው።

መርፌውን መልሰውልኛል። ሌላ ነገር ግን መጣ። ዶክተሯ ካርዶቼን ስታይ በብዙዎቹ ላይ «አያስፈልጋትም» የሚል ጽሑፍ አገኘች። ዋርድ ውስጥ መድኃኒት የማያስፈልገው ሲመጣ እንደምንጽፈው ነው የጻፍኩት። አንዲት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ መጨማደድ ሳይኖራት የመጨማደድ መርፌ ልውጋሽ እንዴት ልበላት? ዶክተሯ አልጮኸችም። «እጅሽን እወደዋለሁ፤ ካርድሽን ግን አልወደውም» አለችኝ። ከዚያ የሦስት ዓመት ውል አቀረበችልኝ። መነሻው ያው ስድስት ሺህ ነው። ኮሚሽኑ አሥራ አምስት በመቶ ይሆናል። ነገር ግን የገባች ሴት ሁሉ ቢያንስ ሁለት ነገር አሠርታ መውጣት አለባት። «በሦስት ዓመት ውስጥ እንደ ባለ ነጭ ጫማዋ አርባ ሺህ ትደርሻለሽ» አለችኝ። አልዋሸችም፤ ይደረሳል።

እስከ ግንቦት መጨረሻ መልስ ትፈልጋለች። የሆስፒታሉ ቀንም እየቀረበ ነው። እትዬ፣ አሁን ተመለሺ ብትዪኝ እመለሳለሁ። በስልክ ስትዪኝ እንቢ ያልኩትን በወረቀት ብትዪኝ እሺ እላለሁ።

ጩጬሽ


ሚያዝያ 14

የኔ ጩጬ፣

ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሦስቱም ላይ «ተመለሺ» ብዬ ነበር።

አዎ፣ ዲዩቲ አልተውኩም። ደመወዜ አሥራ አንድ ሺህ ነው፤ በዲዩቲው አሥራ አራት ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ማለት ነው። አንቺ በኅዳር ወር በአንድ ጊዜ ከዚህ በላይ አግኝተሻል። ይህን ስደብቅሽ የኖርኩት ሙያውን እንዳትንቂው ብዬ ነው። በቂ ነው ብልሽ እዋሻለሁ፤ ውሸቱን ደግሞ በመጋቢት ዘግተነዋል።

እንድትመለሺ እፈልጋለሁ። ማታ ማታ እግራችንን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረን ሰው ማማት ናፍቆኛል። የተቃጠሉት ልጆች ፋሻቸው ሲቀየር ይጮኻሉ፤ አንቺ ስትቀይሪ እንደዚያ አይጮኹም ነበር። ይህ ሁሉ ግን የእኔ ፍላጎት ነው፤ ያንቺ እንጀራ አይደለም። ስለዚህ «ተመለሺ» አልልም። ከባድ ነው፤ ግን አልልም።

የምልሽ ሌላ ነው። ሥራ ስጀምር ወረቀት አቀረቡልኝ፣ ፈረምኩ። ደረጃ ጨመሩልኝ፣ ፈረምኩ። ዲዩቲ ግቢ አሉኝ፣ ገባሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን «ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ነውር ይመስለኝ ነበር። ነርስ ስለ ገንዘብ ካነሳች ርኅራኄዋ የቀነሰ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ርኅራኄዬም አለ፣ ጉልበቴም አለቀ።

አንቺ ጠይቂ። ሰው የጻፈውን ውል ብቻ አይተሽ እሺ ወይም እንቢ አትበዪ፤ የራስሽን ይዘሽ ግቢ። ኮሚሽን ግን ተጠንቀቂው። በወጋሽ ቁጥር የምታገኚ ከሆነ «አያስፈልጋትም» ያልሽበት ቀን ሁሉ ከኪስሽ ይቆረጣል። ዛሬ አይከብድሽም። ኪራይ የቸገረሽ ወር ግን የልጅ ግንባር ላይ መጨማደድ ማየት ትጀምሪያለሽ። ባለ ነጭ ጫማዋ ታልፈው ይሆናል፤ አንቺን ግን አውቅሻለሁ፤ ትታመሚያለሽ። ደመወዝሽን ከመርፌው ለዪው።

ይህን ስጽፍ ጉልበቴን በትራስ ደግፌዋለሁ። ያልጠየቅሽኝን እውነት መመለሴ ነው።

እትዬ


ግንቦት 6

እትዬ፣

ደብዳቤሽን አራቴ አነበብኩት። «ይኸው ርኅራኄዬም አለ፣ ጉልበቴም አለቀ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ማንበብ አቅቶኝ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ናት የጨረሰችልኝ። እሷም አለቀሰች። አሁን ሁለታችንም ያንቺ ልጆች ነን፤ ምሳ መብላቷን ጠይቂያት።

እንዳልሺው የራሴን ውል አሰብኩ። ያለ ኮሚሽን ቋሚ ደመወዝ እጠይቃለሁ። በምትኩ አዲስ የምትመጣ ሴት ሁሉ መጀመሪያ እኔ ጋ ትገባለች፤ የሚያስፈልጋትንና የማያስፈልጋትን እነግራታለሁ፤ መርፌውን ማንም ይውጋት። ዶክተሯ «በዚህ ምን አተርፋለሁ?» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ካርዶቼን ቆጠርኩ። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ «አያስፈልጋትም» የጻፍኩባቸው አርባ አንድ ናቸው። ከነዚያ ውስጥ አሥራ ሰባቱ ወይ ቆይተው ለሌላ ነገር ተመልሰዋል፣ ወይ እናታቸውን፣ አክስታቸውን፣ የሥራ ባልደረባቸውን ልከዋል። «አትዋሽም ብለውኝ ነው የመጣሁት» ያለችኝም አለች። እኔ ደግሞ ያን ቀን በልቤ ሃያ ሁለት ሺውን አስታውሼ ፊቴን አዞርኩ።

ቁጥሩ አለኝ። ወኔው ነው የጎደለኝ። እንዴት ነው የሚባለው? ስንት ልበል? ካልኩስ በኋላ ምን ልበል?

ጩጬሽ


ግንቦት 15

የኔ ጩጬ፣

ሃያ በዪ። ከዚያ በኋላ ምንም አትበዪ።

መርፌ ከነቀልሽ በኋላ ጥጡን ተጭነሽ እንደምትጠብቂው ጠብቂ። አዲስ ነርስ ዝምታው ያስፈራትና ጥጡን ቶሎ ታነሳለች፤ ደም የሚፈሰው ያኔ ነው። አንቺ አታንሺ። እሷ ትናገር።

ለልጅቷ፦ ምሳ በልተሻል ወይ ብላሻለች በያት።

እትዬ


ሰኔ 3

እትዬ፣

በመጨረሻው ቀን ገባሁ። ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ «እህ፣ ልትፈርሚ ነው?» አለችኝ።

«ሃያ ሺህ፤ ያለ ኮሚሽን» አልኩና ያሰብኩትን አስረዳኋት።

ሳቀች። «ነርስ ነሽ ወይስ ሚኒስትር?» አለች። ዝም አልኩ።

«አሥራ ሁለት እሰጥሻለሁ።» ዝም።

ስልኳ ጮኸ። አየችውና አላነሳችውም። «አሥራ አራት። አይበቃሽም? ምን ሆነሻል፣ ምላስሽ ተቆለፈ?»

«ጥጥ ይዤ ነው» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፤ እኔም አላብራራሁላትም። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላት፤ አርባ አንዱን በግራ፣ በነሱ ምክንያት የመጡትን አሥራ ሰባቱን በቀኝ። ራሷ ቆጠረች። ሁለቴ ቆጠረች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ «አሥራ ሰባት። በካርድ አንድ ሺህ ይድረስሽ። ለሦስት ዓመት ሳይሆን ለአንድ ዓመት። ካላዋጣኝ እንለያያለን፤ ርክክብ ግን በሹክሹክታ ነው» አለችኝ። እጄን ዘረጋሁላት።

አሥራ ሰባት ሺህ ነው፤ ይህንኛውን አንድም አልጨመርኩበትም። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ምስክር ናት፤ ውሉን አንብባዋለች።

ባለ ነጭ ጫማዋ ስትሰማ «ሞኝ ነሽ። በኮሚሽኑ በሦስት ዓመት ከእጥፍ በላይ ታገኚ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልደብቅሽም። እሷ ቤት ሠርታ ስትገባ እኔ ገና ኪራይ ላይ የምሆን ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን የሚቆጨኝ ይመስለኛል። የዚያን ቀን እጽፍልሻለሁ።

ከዚህ ጋር ለሆስፒታሉ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን ልኬያለሁ። ራሴ መጥቼ መስጠት ነበረብኝ፤ ግን ያንን በር ባየው፣ የጋሪውን ጎማ ብሰማው፣ እነዚያ ልጆች ቢጠሩኝ ይዤው የምመለስ መሰለኝ። አንቺ ስጪልኝ። እትዬ፣ ከባድ ነገር ነው የጠየቅኩሽ፤ አውቃለሁ። ሳትቀድጂ ስጪልኝ።

ጩጬሽ


ሰኔ 14

የኔ ጩጬ፣

ሰጥቼዋለሁ። አልቀደድኩትም።

ሦስት ቀን ግን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ። በመጀመሪያው ቀን የሠራተኛ አስተዳደሩ ተዘግቷል ብዬ ተመለስኩ፤ አልተዘጋም ነበር። በሁለተኛው ቀን ሰልፍ አለ ብዬ ተመለስኩ፤ ሁለት ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን የሦስተኛ አልጋ ሽማግሌ ሊወጡ ተሰናብተውኝ «እርስዎስ መቼ ነው የሚያርፉት?» አሉኝ። ቀጥ ብዬ ወደ ቢሮው ሄድኩ።

የቢሮው ሰውዬ ደብዳቤሽን አነበበና «ጎበዝ ልጅ ነበረች። ለምን ለቀቀች?» አለኝ። «ደመወዟን ጠይቃ አገኘች» አልኩት። ማህተሙን መታበት። የማህተሙ ድምፅ እንደዚያ እንደሚጮኽ እስከ ዛሬ አላወቅኩም ነበር። ሜትረኗ የልጆቹን ክፍል ለሌላ ነርስ ሰጥታለች። ወጣት ናት፤ ፋሻ ስትቀይር እጇ ይቸኩላል። ከነገ ጀምሮ አጠገቧ እቆማለሁ።

ከቢሮው ሳልወጣ ሰውዬው «ሌላ ነገር አለ ሲስተር?» አለኝ። አለ አልኩት። ስንት እንደተጠራቀመልኝ ጠየቅኩት፤ የጡረታዬን፣ ያልወሰድኩትን የዓመት ፈቃድ፣ ሁሉንም። ከመደርደሪያው ማህደሬን አውጥቶ አቧራውን እፍ አለው። ሃምሳ ሦስት ቀን ፈቃድ አለኝ። ከዚያ ወደ ሜትረኗ ገባሁና ከሐምሌ ጀምሮ ማታ አልገባም አልኳት። ብዙ ተናገረች። የሰው እጥረት አለ አለች፣ አንቺ ከሌለሽ ማን አለ አለች፣ ትንሽ ልታለቅስም ነበር። እኔ ጥጤን ተጭኜ ቆምኩ። በመጨረሻ ፕሮግራሙን አውጥታ ስሜን ከማታው ሰረዘችው።

ማታውን ስተው በወር ሦስት ሺህ ይጎድልብኛል። ኪራዬንና የጉልበቴን መድኃኒት ደምሬ፣ ቀንሼ፣ ሦስቴ አይቼዋለሁ፤ ያለ እሱ አይሞላልኝም። ስለዚህ ከሐምሌ ጀምሮ በወር ሦስት ሺህ እንድትልኪልኝ እጠይቅሻለሁ። ያኔ አትላኪ ያልኩሽ ከሌለሽ ላይ ስለነበር ነው፤ አሁን አለሽ። ይህን አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል።

ከዚህ በኋላ ምንም አልልም። የአክስታችን ልጅ ማክሰኞ ይመለሳል፤ እጠብቃለሁ።

እትዬ፣ የቀን ተረኛዋ